ጋቢ ውስጥ ያለቀ ክረምት

አያት ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ዝናብ ሰምቼ አላውቅም። ፎቅ ላይ ነው የሰቀሉኝ፤ ከላዬ ሰው አለ፣ ከሱ ላይ ደሞ ሌላ ሰው አለ፣ ጣሪያው የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ሐምሌ ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር የልጅ ልጄ ቤዛ በመስኮት ብቅ ትልና "አያቴ፣ ዘነበ እኮ" ትለኛለች። ዝናብ እንደ መርዶ በሰው አፍ የሚነገረኝ ሴትዮ ሆኜ ቀረሁ። "እንግዲያው የኔን ዝናብ ክፈቺልኝ" እላታለሁ። ስልኳን ታወጣና ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ የሚንጫጫ ዝናብ ይመጣል። ያ ሲግናል ሰፈር የነበረው ቤቴ ጣሪያ ነው። ቤቱ ፈርሶ አስፋልት ከሆነ ቆይቷል፣ ደጃፌ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን መብራት ተተክሎ ቀን በቀን ያበራል አሉ፤ ጣሪያዬ ላይ ግን እዚያች ስልክ ውስጥ እስከ ዛሬ ይዘንባል። ቀጥሎ ሙሉ የምትባለው ልጄ ጉሮሮዋን ትጠርግና "ተረት ተረት" ትላለች።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄንንም የምትጽፈው ቤዛ ናት፤ እኔ አወራለሁ፣ እሷ በአውራ ጣቷ ስልኳን ትቆረቁራለች። "ቀስ በይ አያቴ፣ አልደርስብሽም" ትለኛለች። ቀስ ብዬማ ካወራሁ ሞት ይቀድመኛል። ይሄን አትጻፊ ብያት ነበር፣ ጽፋዋለች፣ ስትስቅ ይዣታለሁ።

ሙሉ ይሄን ያነበበችበት ክረምት የመጣው ባቡሩ ገና አዲስ በነበረ ጊዜ ነው። ሰው የሚሄድበት ጉዳይ ሳይኖረው ለሽርሽር ብቻ ከመገናኛ አያት፣ ከአያት መገናኛ ሲመላለስ ይውል ነበር። እኔም ጥልፍ ቀሚሴን ለብሼ፣ አዲሱን ሸራ ጫማዬን አጥልቄ ተሳፈርኩ። አያት ስደርስ "ይሄ ሜዳ አይደለም እንዴ፣ ምን አለና ነው ሰው እዚህ የሚመጣው?" ብዬ ሳቅሁ። ሜዳው ሰምቶኝ ኖሯል፣ ይኸው ጎትቶ አመጣኝ። ያኔ ዳቦም ዳቦ ያክል ነበር። በአንድ ብር ከምናምን መዳፍ የሚሞላ፣ ሲቆርሱት እንፋሎት የሚወጣው ትገዛለህ። የዛሬው እንኳን ሆድ ሊሞላ ጥርስ መሀል ገብቶ ይጠፋል። ሬዲዮውም በየሱቁ በር ላይ ይዘፍን ነበር፤ አሁን ሁሉም ሰው ጆሮው ውስጥ ወትፎ ለብቻው ነው የሚሰማው። ምን ደብቀው እንደሚሰሙ እንጃ።

ሙሉ አንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። ከቤታችን ቁልቁል ወረድ ብሎ ካለው ትምህርት ቤት፣ ዕድሜዋን ሙሉ አንደኛ ክፍል። "ሁለተኛ እንኳን አትዘዋወሪም እንዴ? ደጋሚ ሆነሽ ቀረሽ" እያልኩ እቀልድባት ነበር። ድምፅ ነበራት፣ አይ ድምፅ! ግቢው ውስጥ "ደብተር አውጡ!" ስትል እኔ እቤቴ ሆኜ የማወጣው ነገር እፈልጋለሁ። ያ ድምፅ በዚያ ዓመት ከፋሲካ ወዲህ ሻከረ። ጉንፋን ነው አልን፣ ዳማከሴ አሸን፣ ነጭ ሽንኩርት በማር አላስናት። ሰኔ ላይ ሐኪም ቤት ሄደች። ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ጃንጥላዋን ሳትዘጋ ነገረችኝ። ጉሮሮዋ ውስጥ ክፉ እባጭ አለ። ወረፋዋ ነሐሴ ላይ ደርሶ ኦፕራሲዮን አድርገው ያወጡላታል፣ ሲያወጡት ግን ድምፅዋም አብሮ ይሄዳል። እስከዚያው ብዙ አትናገሪ ብለዋታል።

እኔማ አልጋዋን አነጠፍኩላት። እሷ ምን አረገች መሰለህ? በማግስቱ ከትምህርት ቤት አንድ ካርቶንና ሁለት ትልልቅ ፌስታል አሸክማ መጣች። ፌስታሎቹ ውስጥ የልጆች መጽሐፍ ነው፣ ከየቤተ መጻሕፍቱ የተዋሰችው። ካርቶኑ ውስጥ ደሞ አንድ ታብሌትና ግድግዳ ላይ ስዕል የሚረጭ መብራት ነገር አለ። ሰው ለትምህርት ቤቱ ሰጥቶ ርዕሰ መምህሩ እንዳይበላሽ ብለው ቁም ሳጥን ውስጥ ከነላስቲኩ ቆልፈውበት የኖረ ነው። ቆንጆ አንሶላ ገዝቶ ለእንግዳ ብሎ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ እንግዳውም አልመጣ አንሶላውም ቢጫ ሆነ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"የክረምት ሥራዬ ነው እማዬ። መጽሐፉን ሁሉ አንብቤ ድምፄን እዚህ ውስጥ አስቀራለሁ። ልጆቹ ጋ ስመለስ እሱ ያነብላቸዋል።"

"አትናገሪ አላሉሽም?"

"አትናገሪ አሉ እንጂ አታንብቢ አላሉም።"

"አንቺን ብሎ በሽተኛ! ድምፅሽን ቆጥቢ ልጄ፣ ማን ያውቃል፣ ሐኪምም ይሳሳታል።"

መነጽሯን አወለቀችና አየችኝ። "መሄዱ ላይቀር እማዬ" አለችኝ፣ "የት እንደሚሄድ እኔ ልምረጥለት።"

መጽሐፎቹን ከፌስታሉ እያወጣሁ ደረደርኩላት። እኔ ዝም ስል ጎረቤት ይደነግጣል።

መጀመሪያ ሰሞን ማሽኑን ለማወቅ ነበር የምንታገለው። ያን መብራት ግድግዳዬ ላይ በሰቀልነው አንሶላ ላይ ስታበራው በሬ የሚያክል ጅብ ተከሰተ። እኔ ጮኼ ወጣሁ፣ ባለሱቁ ከድር ዱላ ይዞ መጣ፣ ሙሉ ሳቅ በሳቅ ሆና ተደፋች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረባትና ሁላችንም ቆምን። ቤዛ ያኔ አስረኛ ክፍል ናት፣ ሁሉን አውቃ የጨረሰችበት ዕድሜ ነው፤ "እማ ሁለቴ ተጫኚው! እማ እሱን አትንኪ! እማ አጠፋሽው!" ስትላት ትውላለች። ሌላውን ሰው ሰጥ ለጥ አድርጋ የምታስተምር ሴት በገዛ ልጇ ፊት እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ እየፈራች ትማር ነበር። "ተማሪዎቼ እኔን እንዴት እንደሚፈሩኝ አሁን ገባኝ" አለች።

ማሽኑን ከገራን በኋላ ጣሪያው አስቸገረን። ሐምሌ ነው፣ ቆርቆሮ ነው፣ ዝናቡ ሲወርድ እንኳን ተረት እሪታም አይሰማ። ቀድታ ስትከፍተው የሚሰማው ጩኸት ብቻ። ዝናቡ እስኪያባራ ብንጠብቅ መስከረም ይጠባል። እኔ ነኝ መላውን ያመጣሁት። ጋቢዬን ደራርቤ አልጋዋ ላይ እንደ ድንኳን ወጠርኩትና "ግቢ" አልኳት። ገባች። እኔም ገባሁ፣ የእጅ ባትሪ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋል ብዬ። እውነቱን ለመናገር ተረቱን ፈልጌ ነው። እኔ በልጅነቴ መጽሐፍ ያነበበልኝ ሰው የለም። ስልሳን አልፌ ጋቢ ውስጥ ተቀምጬ "ከዚያስ?" እላለሁ። እሷ ስዕሉን በባትሪው ታሳየኛለች፣ እኔ ከስዕሉ ጋር እጣላለሁ። ጨለማ የሚፈራ ጅብ ፋኖስ ይዞ ሲሄድ የሚያሳይ መጽሐፍ ነበር። "ውሸታም!" አልኩ። "እንጦጦ ላይ የቅጠል ሸክሜን አስጥሎ ያባረረኝ ጅብ ፋኖስ ይዞ ነበር እንዴ?" ያ ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ከመጀመሪያው እንደገና ጀመረች።

ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። እሷ "ተረት ተረት" ትልና ዝም ትላለች። እኔ እንዴት ዝም እላለሁ? ከአፌ ቀድሞ "የላም በረት!" ይወጣል።

"እማዬ!"

"ምን አጠፋሁ?"

"ክፍተቱ ለልጆቹ የተተወ ነው። እነሱ ናቸው የሚመልሱት።"

"ተረት ተረት ተብሎ ዝም የሚባለው የት አገር ነው? እንደምን አደርሽ ሲሉሽ ፊት እንደማዞር እኮ ነው። ነውር ነው።"

"እሺ፣ አሁን ዝም በይልኝ። ተረት ተረት..."

ከንፈሬን ነከስኩ። ነጠላዬን ነከስኩ። "የላም በረት!" እግዚኦ። አራዳ ጠጅ ቤት የዋለ ሰው እንኳን እንደኔ አፉን አይስትም። ልጄ ያላት ድምፅ በማንኪያ የሚሰፈር ሆኖ ሳለ እኔ እየደፋሁባት ደጋግማ ትጀምራለች። ስታማርር ግን አልሰማኋትም። እንዲያውም ቤዛ ኋላ ስታስሰው፣ የተበላሸውን ሁሉ ሳታጠፋ ለብቻ አስቀምጣው ተገኘ።

ተረቱ ሲያልቅ ደግሞ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ይባላል አይደል? እኔ ይሄን ቃል በቃል ነው የማደርገው። አንድ መጽሐፍ በቀና ቁጥር ጋቢውን ገልጬ ከድር ሱቅ እሮጣለሁ፣ ትኩስ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ። ከድር ለምዶኝ ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣

"እትዬ አስካለ፣ ዛሬም አንዱ አለቀ?" ይለኛል።

"አለቀ፣ ቀበሮዋ ተያዘች።"

"እኔ ሳልሰማ? በሉ ትንሽ ይንገሩኝና ዳቦውን ልስጥዎት።" ደንበኛ አቁሞ ያስተርተኛል። ያቺ ሱቅም አሁን የለችም።

ሐምሌ ሲጀምር ልጄ ዳቦውን ገምሳ ትበላው ነበር። ሐምሌ ሲጋመስ ሻይ ውስጥ እየነከረች ሆነ። ነሐሴ ሲገባ ውስጡን ለስላሳውን ብቻ እየቆነጠረች፣ ቅርፊቱን ለኔ ትተወው ጀመር። ድምፅዋም እንደዚያው፣ ቅርፊት ቅርፊቱ ቀረ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ የታብሌቱን ቻርጀር ወስጄ ሽሮ እቃ ውስጥ ቀበርኩት፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ታርፍ ብዬ። ምሳ ልትሠራ ሄዳ በጭልፋ አወጣችው። ሽሮውን እያራገፈች መጥታ ፊቴ ቆመች። እቆጣለሁ ብላ አፏን ስትከፍት ሳቅ ቀደማት። ክረምቱን ሙሉ ቻርጀሩ ሲሞቅ ሽሮ ሽሮ ይሸት ነበር። ዛሬም ሽሮ ሲንፎለፎል ያ ጋቢ ትዝ ይለኛል።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ፀሐይ ወጣች። "እንጦጦ ውሰጂኝ" አለችኝ። በታክሲ የሚኬደውን ሄደን ቀሪውን በእግር ወጣን። አሁን እዚያ መናፈሻ ነው፣ ወጣቱ በቄንጥ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ቡና እንኳን የወርቅ ጠብታ ይመስል በእሳት ዋጋ ይሸጣል። በኔ ጊዜ ባህር ዛፍና እኛ ብቻ ነበርን፤ እኔና ቢጤዎቼ በረባሶ አጥልቀን፣ ጀርባችን እስኪላጥ ቅጠል እየተሸከምን ቁልቁል እንወርድ ነበር። ሸክሙ የሚሸጠው በሳንቲም ነው። ሙሉ ትንሽዬ ሆና ቀሚሴን ይዛ ትከተለኝ ነበር። አንድ ቦታ ገደል አለ፣ ሲጣሩ ይመልሳል። ትንሽዋ ሙሉ አንድ ቀን ገደሉ አፋፍ ቆማ "ተረት ተረት!" ብላ ጮኸች። ገደሉም "ተረት ተረት" አላት። ተናደደች። "እማዬ፣ የላም በረት አላለም እኮ! ይሄ ገደል አልተማረም!" አለችኝ። "እንደ እናትሽ ነዋ" አልኳት። ሳስበው ያን ቀን ነው አስተማሪ የሆነችው።

ያን የነሐሴ ቀንም እዚያው ቦታ አረፍን። ሙሉ ወደ ገደሉ እያየች በእጇ ጠቀሰችኝ። መጮህ አትችልም፤ ጩኺልኝ ማለቷ ነው። ተነሳሁ፣ ነጠላዬን አደገደግኩና ባለ በሌለ ኃይሌ "ተረት ተረት!" አልኩ። ገደሉ "ተረት... ረት..." አለ። ሙሉ ጆሮዬ ድረስ ተጠግታ በሹክሹክታ፣ "እስካሁን አልተማረም" አለችኝ። ሳቅን። ቁልቁል ስንወርድ ክንዷን የያዝኩት ያዳልጣታል ብዬ አልነበረም።

የመጨረሻው መጽሐፍ የተነበበው ሐኪም ቤት ልትገባ አንድ ሁለት ቀን ሲቀራት ነው። ስለ አንድ እንቅልፋም አውራ ዶሮ ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል። ጋቢ ውስጥ ገባን። እኔ ያን ቀን ለራሴ ምያለሁ፣ ምላሴን ነክሼ ብቆርጠው እንኳን አልናገርም። "ተረት ተረት" አለች። ዝም አልኩ። በዓይኗ አመሰገነችኝ። እየቆመች፣ እየዋጠች፣ ውሃ እየተጎነጨች አነበበች። ዶሮው ሲነቃ ድምፅዋ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ አለ። ግን ደረሰች። "ተረቴን መልሱ..." አለችና ዝም አለች።

እኔ ለልጆቹ የተተወ ክፍተት መስሎኛል። ባትሪውን ይዤ እንደ ሐውልት ቀጥ አልኩ። ዝናቡ ይወርዳል። ዝም አለች፣ ዝም አልኩ። እንዲህ ረጅም ክፍተት ትታ አታውቅም፣ ልጆቹ ብዙ ቢሆኑ ነው እላለሁ በሆዴ። በመጨረሻ ኩራቴ አላስችል ብሎኝ "ዛሬስ ዝም አልኩልሽ!" አልኳት። ባትሪውን ወደ ፊቷ ሳዞረው አፏ ተከፍቶ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። "አፌን በዳቦ" እያለች ነው። ምንም አይወጣም። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

ድምፅዋ አልቆ ነበር፤ ሐኪሞቹን እንኳን አልጠበቀም።

ጋቢውን ገፍፌ ዝናቡ ውስጥ ሮጥኩ። ከድር ምንም ሳይጠይቀኝ ዳቦ ሰጠኝ፣ ፊቴን አይቶ መሰለኝ። ስመለስ እንደተወኋት ተቀምጣለች። ዳቦውን ገመስኩት። መዋጥ እንደማትችል እያወቅኩ ምን ላድርገው? ለስላሳውን ቆረስኩና ከንፈሯን አበስኩላት። ከዚህ እዚያ፣ ቀስ አድርጌ፣ ሕፃን ሆና ገንፎ ሲነካካት እንደማብሳት። ዓይኗን ጨፈነች። ታብሌቱን ማጥፋት ሁለታችንም ረስተን ነበር።

ኦፕራሲዮን ሆነች። ዳነች ብለን ነበር። ጥቅምት ሲገባ አንገቷ ላይ ሻሽ አስራ ክፍሏ ተመለሰች፤ ቦርሳዋን እኔ ተሸክሜ ሸኘኋት፣ ከዚያም በመስኮት ተደብቄ አየሁ። ልጆቹ ሻሹን አይተው ፈርተው ነበር፣ አንዷ እንዲያውም አልቅሳለች። ሙሉ ፈገግ አለች፣ ጣቷን አሾለች፣ ልክ ቤዛ እንዳስተማረቻት ታብሌቱን ተጫነችው። "ተረት ተረት" አለ ድምፅዋ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ መስኮቱ ላይ አፌን በሁለት እጄ አፈንኩት። ከዚያ አንዱ ከኋላ "የላም በረት" አለ፣ ቀስ ብሎ። ሙሉ እንደገና ተጫነችው። ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ "የላም በረት!" ብሎ ሲጮህ መስታወቱ ጉንጬ ላይ ነዘረኝ። ልጄ ዞር ብላ ወደ መስኮቱ አየች። አለሁ አልኳት በእጄ። ያየሁባት ትልቁ ደስታዋ ያ ነው፣ ያንን ማንም አይወስድብኝም።

እስከ ግንቦት አስተማረች። ግንቦት ላይ ያው በሽታ ወሰዳት።

ሌላው ሰው ለሙት ዓመት የሚያደርገውን ያደርጋል። እኔ ድፎ ዳቦ አስጋግሬ በባቡር መገናኛ ወርጄ ትምህርት ቤቷ እሄዳለሁ። ባቡሩም እንደኔ አርጅቷል፣ ይቆማል፣ ይተነፍሳል፣ ይቀጥላል። ዳቦው ሲሸታቸው ሰዎቹ "እማማ፣ ለኛም ነው?" ይሉኛል። "አንደኛ ክፍል ከሆናችሁ ኑ" እላቸዋለሁ። ዘንድሮም ግንቦት ላይ ከቤዛ ጋር ሄድን። ልጆቹ ሙሉን አያውቋትም፣ ሲወለዱ አልነበረችም። አስተማሪዋም አዲስ ልጅ ናት። ግን የሙሉን ተረቶች በቃላቸው ያውቃሉ። አስተማሪዋ የዶሮውን ከፈተችው። ዝናቡ መጣ፣ ቤቴ መጣ፣ ልጄ መጣች። መጨረሻ ላይ "ተረቴን መልሱ..." ብላ ስትቆም ሁሉም ባንድ አፍ "አፌን በዳቦ አብሱ!" አሉ። ተከትሎ ከማሽኑ ውስጥ አንዲት አሮጊት "ዛሬስ ዝም አልኩልሽ!" ትላለች። እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይስቃሉ። ቤዛ አንዴ "ይሄን ልቁረጠው አያቴ?" ብላኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። ይሳቁ። ከነሱ ጋር እኔም እስቃለሁ።

ዳቦውን እየቆረስኩ ሳድል አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ቀሚሴን ያዘችኝ።

"እማማ፣ ይቺ ቲቸር የት ናት?"

"እዚህ ውስጥ ናታ።"

"እንዴት ገባች?"

"ቀጭን ነበረች።"

አሰበችበት። ያመነችኝ መሰለኝ። በእጇ ያለውን ዳቦ አየች፣ ማሽኑን አየች። "እሷ ግን አልደረሳትም" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ለስላሳውን ቆረስኩና ጠረጴዛው ጋ ሄጄ ድምፅዋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ቀስ አድርጌ አበስኩላት፣ ከዚህ እዚያ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ቤዛ "አያቴ፣ ፍርፋሪ ገባበት እኮ፣ ታበላሺዋለሽ!" አለች። ውስጡ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር።